ክርኔ ስር የነበረው ሬዲዮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ነሐሴ ነው። ብዙ ጊዜ አልሆነውም፤ ቢሆነውም የሚረሳኝ አይመስለኝም። ሰዎች በሌላ ጉዳይ ሲስቁ እንኳ በእኔ የሚስቁ እየመሰለኝ ጆሮዬ ይግላል። ሌላ ሰው አጣፍጦ ከሚያወራው ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር ነው። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጥበታል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ይመጣል። ስለዚህ የሰፈራችን ሰዎች ኮሚቴ አቋቋምንና በእጅ የሚያዙ ሦስት የመገናኛ ሬዲዮዎች ተሰጡን። ተራራው ላይ ሲዘንብ የስልክ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ያለ ሬዲዮ አይሆንም።

አንዱ ሬዲዮ ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል የሚኖረው አደም ዘንድ ነው። አደም አማርኛ ብዙም የማይቀናው ገበሬ ነው፤ ደመናውንና ውሃውን አይቶ ይነግረናል። ሁለተኛው ድልድዩ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ እንደ እናት የምናያቸው አዴ ዘሃራ ዘንድ ነው። ሦስተኛው የኔ ነው። አደም "ውሃ!" ሲል ድምፅ ማጉያዬን ይዤ አሸዋው ላይ ያሉትን ሰዎች የማስወጣው እኔ ነኝ።

ሬዲዮውን የሰጡን ሰውዬ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውን ነበር። ለመናገር ከጎን ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ስትጨርስ ትለቃለህ። አንዱ ቁልፉን እንደተጫነ ከቆየ ግን መስመሩን ይዞታልና የሌላ ሰው ድምፅ አይገባም። እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ አጠገቤ ላለው ሰው "ይሄንን ሕፃንም ያውቀዋል" ብዬ ሹክ አልኩት።

የምሸጠው የባጃጅ መለዋወጫ ነው። ሬዲዮው ወገቤ ላይ ከተንጠለጠለ ወዲህ ግን አረማመዴ ተቀየረ፤ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ መክተት ሁሉ ጀመርኩ። ሚስቴ "ስትተኛም ልትታጠቀው ነው?" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እንደ ልማዳችን በርጫ ላይ ነበርን። ድሬ በዚያ ሙቀት ከምሳ በኋላ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ ጫቱ ይቀርባል። በርጫ ላይ አቀማመጡ የታወቀ ነው፤ ፍራሽ ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ክርንን ትራስ ላይ ተክሎ ነው። ሬዲዮው ወገቤን ሲቆረቁረኝ ፈታሁትና ትራሱና ክርኔ መሃል ሸጎጥኩት።

ምርቃናው ሲመጣ ወሬው ደራ። የአደም ነገርም ተነሳ። አደም ደመና ባየ ቁጥር ይጠራኛል። በዚያው ሰሞን እንኳ እሱን ሰምቼ ሰው ካስወጣሁ በኋላ ውሃው ሳይመጣ ቀርቶ፣ ነጋዴዎቹ ሲሰድቡኝ ውለዋል።

"አቦ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ የፍየል ጥላ ካየ ውሃ መጣ ይላል!" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲጥመኝ እያስመሰልኩት ቀጠልኩ፤ አማርኛውን ሲሰብር፣ ሲጨነቅ፣ ሲንተባተብ። አልፎ ተርፎም "እኔ ባልኖር ይሄ ሰፈር ስንቴ ተጠርጎ ነበር" አልኩ። አንዱ ጓደኛዬ "ዛሬስ አልጠራህም?" አለኝ።

"ዛሬ ጭጭ ብሏል። ወላሂ፣ ሰላም ነው" አልኩት።

ክርኔ ስር ሙቀት ተሰምቶኝ ነበር። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት።

ውሃ ለመጠጣት ቀና ስል ሬዲዮው ከትራሱ ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ወዲያው የአደም ድምፅ ወጣ። በጩኸት ብዛት ተዘግቶ፣ ለቅሶ ለቅሶ የሚል ድምፅ ነበር።

"ሙክታር! ለአላህ ብለህ እጅህን አንሳ! ውሃው እኔን አልፏል፣ ወደ እናንተ መጥቷል! እጅህን አንሳ!"

ለስንት ጊዜ እንዲህ ሲለምነኝ እንደቆየ አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ቁልፉን በክርኔ ተጭኜው ነበር። እሱ ሰው ሊያድን ይጮሃል፤ ከእሱ ሬዲዮ የሚሰማው ግን እኔ በእሱ ስስቅ ነው።

ድምፅ ማጉያው ትዝ ሳይለኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ እንጨትና ጎማ እየገፋ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት አሸዋው ላይ ማን እንደሚኖር አውቃለሁ። ልባሽ ጨርቅ የምትሸጠው ሩቂያ ትንሽ ልጇን ጥላ ስር አስተኝታ የምትውለው እዚያ ነው። ስሟን እየጠራሁ ወደ ድልድዩ ሮጥኩ።

ሩቂያ ድልድዩ ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ልጇ አዴ ዘሃራ እቅፍ ውስጥ ነው። አዴ ዘሃራ እግራቸውን የሚያማቸው፣ ከሱቃቸው ወንበር ለመነሳት እንኳ የሚያቃስቱ ሴት ናቸው። አሁን ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ረጥቧል፣ ጫማቸው የለም፣ ጉልበታቸው ይደማል።

የኔ ወሬ ከሬዲዮአቸው አልቆም ሲላቸው ቁልፉን እንደተጫንኩት ገብቷቸዋል። ቀና ብለው ቢያዩ ተራራው ጠቁሯል። ማንንም ሳይጠብቁ ወርደው እየጮሁ ሰዉን አስወጡ። ሩቂያ ጨርቋን ልሰብስብ ብላ ስትዘገይ ልጁን ነጥቀው ወጡ፤ እሷም ልጇን ተከትላ ወጣች። ውሃው የደረሰባቸው ዳር ላይ ነው። ጨርቁን በሙሉ ወስዶታል።

"አዴ..." አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ወሪያ ሙክታር፣ ሬዲዮህ በደንብ ይሠራል" አሉኝ። "ሁሉንም ሰምተናል። ሱቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሩቂያ ሰፈሩ አዋጣላት፤ እኔም የምችለውን አደረግኩ። ዛሬ እንደገና ትሸጣለች። የአዴ ዘሃራ እግር ግን ከዚያ ወዲህ ብሶባቸዋል።

በማግስቱ ወደ አደም ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። አደም ከቤቱ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ይቅርታ ስለው መሬት መሬት እያየ "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" አለ። ሬዲዮውን ለሌላ ሰው ልስጥ ብለውም "ያዘው፤ ሰዎቹን አንተ ታውቃቸዋለህ" አለኝ።

አሁን ሬዲዮዬን ከፊቴ አቆመዋለሁ እንጂ ትራስ አጠገብ አላስደርሰውም። ዝምታው ሲረዝም ራሴ "አደም፣ ትሰማኛለህ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ይህንን ተምሬያለሁ።

አሁንም የሚያሳፍረኝ የአደም አነጋገር ነው። ድሮ ደመና ሲያይ "ሙክታር፣ ውሃ!" ብሎ ይጮህብኝ ነበር። አሁን ቀስ ብሎ ይጠራኛል። "ሙክታር፣ ካስቸገርኩህ ይቅርታ፤ ትንሽ ደመና አለ፤ ላይሆንም ይችላል" ይላል፣ አማርኛው እንዳይበላሽበት ቃል እየመረጠ። እሱ ቃል ሲመርጥ ውሃው አይጠብቅም። አንድ ቀን ጭራሽ አፍሮ ዝም ቢልስ እያልኩ እፈራለሁ።

ስለዚህ ገና ስሜን ሲጠራ ተነስቼ ወደ አሸዋው እወርዳለሁ። ውሃው ሳይመጣ ሲቀር ነጋዴዎቹ ይሰድቡኛል። ይስደቡኝ። ቁልፉን ተጭኜ "አደም፣ ደግ አደረግክ፣ ሁልጊዜም ንገረኝ" እለዋለሁ። ከዚያ ቁልፉን ለቅቄ እጠብቃለሁ። እስካሁን አንድ ቀን እንኳ እንደ ድሮው አልጮኸብኝም።