መርዶ ሳይደርሰኝ ያየሁት ባሕር

ከሚኤሶ ባቡር ስንሳፈር እናቴ ሞታ ተቀብራለች። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለቤቴ ያውቃል፣ የአሰበ ተፈሪ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እስከ ጣቢያው በጭነት መኪና ያወረደን ሾፌር እንኳ ያውቃል።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ አስተማሪ፣ እሱ የክሊኒክ ድሬሰር፤ ሁለታችንም ተመድበን የመጣን፣ በአገሩ ዘመድ የሌለን ነበርን። ወባ ጥሎኝ ገና ከአልጋ መነሣቴ ነው። ከአገሬ ከቡልጋ የመጣ ነጋዴ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ክሊኒኩ ሄዶ ለባለቤቴ ነገረው። የከተማው ሽማግሌዎች፣ በዚህ አቅሟ መርዶ ከሰማች ትከተላታለች፣ ትንሽ ታገግም አሉ። ከተማው ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው አፉ ካመለጠው አለቀ። ስለዚህ ባለቤቴ ማንም ወደማያውቀን ቦታ ሊወስደኝ ወሰነ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ለእኔማ “የባሕር አየር ያበረታሻል” ነው ያለኝ። ጫማ ለማስጠገን ሳምንት የሚያስብ ሰው ጅቡቲ ድረስ ሲወስደኝ እንዴት እንዳልጠረጠርኩ እስካሁን ይገርመኛል። ስንወጣ የቤት አከራያችን፣ አሮጊቷ ኦሮሞ፣ በር ላይ አቅፈውኝ አልለቅም አሉ።

“አብሽሪ ልጄ፣ ረቢ ይርዳሽ።”

ስለ ወባው የሚያጽናኑኝ መስሎኝ፣ “ድኛለሁ እኮ አዴ” አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ።

ያረፍነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር፣ አንዲት የመናዊት መበለት በምታከራየው ክፍል ነበር። ከማዕበሉ በቀር ድምፅ የለም። ጠዋት ጠዋት የሴትዮዋ ወንድም በጀልባው ወደ ደሴቶቹ ይወስደናል፤ አንዱን አይተን ወደሚቀጥለው። እኔ ደሴት ሲባል ገዳም ያለበት ነበር የሚመስለኝ። ነጭ አሸዋና ወፍ ብቻ ሆኖ ሳገኘው ትንሽ ቅር አለኝ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ወደድኩት።

ባለቤቴ በተፈጥሮው ነጭናጫ ነው። እዚያ ግን ያልኩትን ሁሉ እሺ። ወደ ትንሿ ደሴት ደግሞ እንሂድ ስል እሺ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ውኃው ውስጥ ስገባ እሺ። “ባሕር እንዲህ የሚያለዝብህ ከሆነ እዚሁ እንቅር” እያልኩ አሾፍኩበት። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እንደዚያ ከሳቅኩ ዘመን አልፎ ነበር።

በየደሴቱ ዛጎል እለቅም ነበር፣ ለእናቴ። ከቡልጋ ወጥታ አታውቅም።

“ይህን ስታይ ምን የምትል ይመስልሃል?”

“ምን ትላለች?”

“‘ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ጠጠር ለቅመሽ መጣሽ?’ ነዋ።”

“ሌላስ?” ይለኛል። ስለ እሷ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ምን እንደምትወድ፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል። አንድ ቀን አነጋገሯን አስመስዬ ሳወራለት ብድግ ብሎ ወደ ውኃው ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ ቆመ። ፀሐዩ የከበደው መሰለኝ።

በተመለስን ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ በር ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ሽማግሌዎች ግቢውን ሞልተውታል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ጮኼ ወደቅኩ። አከራያችን ደግፈው ሲያነሡኝ ዛጎሉን የሞላሁበት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ታየኝ። ከዚያ መቼ እንደሞተች ነገሩኝ። ለቅሶዬ ቀጥ አለ። ባለቤቴን አየሁት፤ አቀርቅሯል።

ለቀስተኛው ሲሄድልን ባለቤቴን ያዝኩት።

“ለሞተች እናቴ ዛጎል ስለቅም ዝም ብለህ አየኸኝ። ስስቅ አየኸኝ።”

በሽማግሌዎቹ ያመካኛል ብዬ ነበር። አላመካኘም።

“እናትሽ አለች ብሎ የሚያወራ ሰው አንቺ ብቻ ቀርተሽ ነበር” አለኝ። “ያንን ማቋረጥ አቃተኝ።”

ብዙ ጊዜ አኮረፍኩት። ከአገር ምድሩ ሁሉ ኋላ ማልቀስ ያንገበግባል፤ የሳቄ ነገር ደግሞ ከሐዘኑ ብሶ ያቃጥለኝ ነበር። ባሕርም ሁለተኛ አላየሁም።

አሁን እሱም ካረፈ ቆየ። አንዳንዴ ያልሰማ የድሮ ሰው መንገድ ላይ ያገኘኝና፣ “ባለቤትዎ ደህና ናቸው?” ይለኛል።

“ደህና ነው፣ ይመስገን” እለዋለሁ።