ጋሼ የሰፉልኝ ደብተር

ጋሼ ደብተር ሲገዙ ሽፋኑን አያዩም ነበር። መሃሉን ይከፍቱና ሉኮቹ የተያያዙት በክር ይሁን በሽቦ ይመለከታሉ። አጎቴም አሳዳጊዬም እሳቸው ነበሩ።

አምስተኛ ክፍል ስገባ ቦንጋ ገበያ ወሰዱኝ። እኔ ሽፋኑ ላይ አበባ ያለበትን ባለ ሃምሳ ሉክ ይዤ አልለቅም አልኩ።

«ሽቦ ነው እኮ ልጄ፤ የኛ ዝናብ ያዝገዋል» አሉኝ።

«ጋሼ ደግሞ! ዝናብ ላይ ላሰጣው ነው እንዴ?» ብዬ ባለሱቁን አሳቅሁባቸው። ያንኑ ገዙልኝ።

ኅዳር ሳይገባ ሽቦው ዝጎ ሉኮቹ መርገፍ ጀመሩ። ቁጣቸውን ፈርቼ ፍራሽ ስር ደበቅሁት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በጥቁር ክር ጥብቅ ተደርጎ ተሰፍቶ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። «ብዬሽ አልነበር?» እንኳ አላሉኝም። እኔም አፍሬ ሳላመሰግናቸው ቀረሁ።

ድሬዳዋ ትዳር ከያዝኩ ወዲህ በየመስከረሙ እየደወሉ «የልጅሽን ደብተር መሃሉን አየሽው?» ይሉኝ ነበር።

አምና «እዚህ አገር ሽቦ አይዝግም እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እግዜር ዝናቡን ለኛ ብቻ ነው እንዴ የሚልከው?» ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ ምስጋናው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለሌላ ቀን አልኩት።

ነሐሴ ላይ አረፉ። ለቀብራቸው አልደረስኩም። መስከረም ጠባ፣ መስቀልም አለፈ፤ ስለ ደብተር የጠየቀኝ የለም።

ለጋሼ ያላልኩትን «እግዜር ይስጥልኝ» አሁን በየጠዋቱ ጸሎቴ ለራሱ ለእግዜር እነግረዋለሁ። እሱ ያድርስልኝ።