ሾፌሩ አየነው እና ባለ ፈረሷ መኪና

በቆሰበር አየነውን «ሾፌሩ» ሳይል የሚጠራው ሰው የለም። ከተማዋ እንጅባራ ከተባለች ስንት ዘመኗ፤ የዕድሜ እኩዮቹ ግን እሷንም ቆሰበር፣ እሱንም ሾፌሩ ማለታቸውን አልተዉም። የሚገርመው፣ ሾፌሩ አየነው በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጦ ያየው ሰው አለመኖሩ ነው። ሥራው የጋሪ ጎማ መለጠፍና የተሰበረ አክስል ማስተካከል ነው። አንዴ አንድ ባለ አይሱዙ «እስቲ እስከ ማደያው ድረስ ንዳልኝ» ቢለው፣ «የእኔ እጅ የለመደው የአሜሪካ መኪና ነው፤ እንዲህ ያለውን አይይዝም» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ሰው ሳቀ፤ አየነውም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ።

እሱ እንደሚያወራው ከሆነ ታሪኩ እንዲህ ነው። ንጉሡ ሳይወርዱ በፊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አሜሪካዊ ሾፌር ነበር። መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ፊቷ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ያለባት፣ ስትነሳ መሬት የምታንቀጠቅጥ ጉልበተኛ ነበረች። የፈረስ ነገር በማይሰለችበት በአዊ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ጆሮ አያጣም። በሰርግም ሆነ በጠላ ቤት፣ አየነው ባዶ እጁን እያወዛወዘ ማርሽ ሲቀይር፣ በአፉም ሞተር ሲያስነሳ ያልሰማ የለም።

እውነቱ ሌላ ነበር። አየነው የአሜሪካዊው መኪና አጣቢ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በባልዲና በጨርቅ ቀይዋን መኪና አጠባት፤ መሪዋን የጨበጠው ሲወለውለው ብቻ ነው። አሜሪካዊው ወደ አገሩ ሲሄድ አየነውም ወደ አገሩ ገባ። አባቱ «ለመሆኑ ምን ስትሠራ ኖርህ?» ብለው በሰው ፊት ሲጠይቁት፣ የሰው መኪና ሳጥብ ኖርኩ ማለት አቃተውና «ሾፌር ነበርኩ» አለ። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አንዲት ቃል ናት፤ ማን ይፈርድበታል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአየነው ስንቅ ግን እያደረ ከበደ። ሚስቱን ስሜነሽንም ያገባት ሾፌር ተብሎ ነው።

አምና ታዲያ ምስጋናው መጣበት። ምስጋናው የጎረቤቱ የደጊቱ ልጅ ነው፤ የከሰል ነጋዴ፣ ቁጥብ፣ ሽማግሌ አክባሪ።

«ጋሼ አየነው፣ የእርስዎ ዓይነት መኪና ተገኘች» አለው። «ዳንግላ ነው ያለችው። ባለ ፈረሷ!»

ባለቤቲቱ ወይዘሮ ሰርክአዲስ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። መኪናዋ ዓመታት ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች፤ የጠየቁት ዋጋ ከአንድ ባጃጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ምስጋናው ያሰበው ነገር ነበረው። የእንጅባራ ሙሽሮች የሰርግ መኪና የሚከራዩት ከባሕር ዳር ድረስ ሄደው ነው፤ እሱ እዚሁ ሊያከራይ ፈለገ። መጀመሪያ የምትቀመጥባት ደግሞ ታናሽ እህቱ ሜላት ናት፤ ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከከሰሉ ያጠራቀመውን በሙሉ ሊያፈስባት ነው።

«እርስዎ አይተው ግዛ ካሉኝ እገዛለሁ፣ ተው ካሉኝ እተዋለሁ» አለው። አየነው ደረቱ ተነፋ።

በሚኒባስ ዳንግላ ወርደው በጋሪ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ግቢ ደረሱ። ሸራው ሲገለጥ አየነው እንባው መጣ። ቀለሟ ሰማያዊ ሆነ እንጂ ራሷ ናት፤ ያቺው ረጅም አፍንጫ፣ ያው ጋላቢ ፈረስ። እጁ ሳያዘው ሄዶ ኮፈኗን ዳበሳት።

ዳበሳው ከፊት መስታወቷ ሥር ሲደርስ ቆመ። እዚያ ላይ አየር የሚያስገቡ ቀጫጭን ክፍተቶች አሉ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭቃ ጠቅጥቋቸዋል። አየነው ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ላይ ውሃ ቢደፋ አሜሪካዊው እንዴት እንደጮኸበት ትዝ አለው። በዚያ የገባ ውሃ መውጫው በቅጠል ከተደፈነ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ምንጣፉ ሥር ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ከዚያ ቀን ወዲያ አየነው በየማለዳው ቅጠሉን በጣቱ እየለቀመ ያወጣ ነበር።

በሩን ከፈተና የፊተኛውን ወለል በመዳፉ ጫን አለው። ረገብ አለ። የቆየ እርጥበት ሸተተው። ከላይ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎባታል፣ ከሥር በሆዷ በኩል ጥቁር ሬንጅ ተቀብታለች፤ በመሃል ብረት የሚባል ነገር እንዳልቀረ አወቀ።

«ገላዋስ እንዴት ነው ጋሼ?» አለ ምስጋናው ከኋላው። «ቦዲዋ?»

አየነው አፉን ከፈተ። ግን ምን ይበል? ይህን ሾፌር ከየት ያውቀዋል? ቅጠል በጣት የሚለቅም ሾፌር የት አገር አለ? ይህን የሚያውቅ አጣቢ ነው። አንዴ ከተናገረ፣ ምስጋናው «ይህን እንዴት አወቁ?» ይላል፤ ከዚያ የሃምሳ ዓመቱ ስም እዚሁ ግቢ ውስጥ ይፈርሳል። እንዲህ መሰለው።

«ቦዲ የአጣቢ ጉዳይ ነው» አለ ኮስተር ብሎ። «ሾፌር የሚያየው ሞተር ነው።»

እናም ምንም ወደማያውቀው ወደ ሞተሩ ሄደ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ያስጠሩት ሰው ሲያስነሳው፣ አየነው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ «ድምጿን ስማ! ይቺ ገና ልጅ ናት!» አለ።

ምስጋናው ግን ልቡ አላረፈም። «ውስጧ እርጥበት እርጥበት ይሸታል ልበል? ታች ታቿን ደህና አድርገው አይተውልኛል?»

«ቆሞ የከረመ መኪና ይሸታል። ግዛ!»

ምስጋናው ገዛ። ሲመለሱ እሱ ነዳ፤ አየነው «ዓይኔ ደክሟል» ብሎ ከጎኑ ተቀምጦ፣ መንገዱን ሙሉ እግሩን ወለሉ ላይ ማሳረፍ ፈርቶ አንጠልጥሎት መጣ። የገዛ እግሩን ከማያምነው ወለል ላይ አንስቶ፣ ልጁን በዚያው ላይ የሚያስነዳ ሰው ምን ይባላል? እኔ ስሙን አላውቅለትም።

ለመናገር ሁለት ወር ነበረው። በየቀኑ በምስጋናው በር ያልፋል፤ በየቀኑ ነገ እላለሁ ይላል። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ብረት ግን ዝም ተብሎም ይነቅዛል።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። መኪናዋ በአበባና በሪባን ተሽሞንሙና ቆመች። የሜላት ቬሎ ከኋላ አልገባ ስላለ ከፊት፣ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች፤ ሙሽራው ከሚዜው ጋር ከኋላ ተጣበቀ። አጀቡ ፎቶ ለመነሳት ወደ ዘንገና ሐይቅ ጉዞ ጀመረ። አየነው ከተከተሉት ሚኒባሶች በአንዱ ውስጥ ነበር። ከከተማው ሳይወጡ፣ ሰው በሞላበት፣ መኪናዋ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ወጣች፤ የሆነ ነገር «ቀጭ!» አለ።

ወለሉ ተቀደደ። የሜላት እግር ከነነጭ ጫማዋ በመኪናዋ ሆድ ወጣ፤ ምስጋናው ወዲያው ባይቆም ኖሮ ምን ይውጣት እንደነበር እግዜር ይወቅ። ቁርጭምጭሚቷ ተፋቀ እንጂ አልተሰበረም። ቬሎዋ ግን ከሥር ተይዞ እስከ ጉልበቷ ተተረተረ፤ በሬንጅም ጠቆረ። ደግፈው ሲያወጧት መንገደኛው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ አንዱ «መኪናዋ እግር አወጣች!» አለና ሳቅ ሆነ። ስልክ ያልደገነ የለም። ሙሽሪት እያለቀሰች በባጃጅ ተጫነች፤ ቪዲዮው ሰርጉ ሳያልቅ ቲክቶክ ላይ ዋለ።

ከሁሉ የከፋው ምስጋናው ነው። ዘመድ ከብቦ «ማነው ይህን ግዛ ያለህ?» ሲለው፣ አየነው ከሰው መሃል ቆሞ እየሰማ፣ «ማንም አይደል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ወደ አየነው ዘወር ብሎ እንኳ አላየም።

አየነው አራት ቀን የጎማ መለጠፊያ ቤቱን አልከፈተም። ስሜነሽ «ምን ሆንህ?» ስትለው ራሴን አመመኝ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ እህል እንኳ አልወርድ አለው። በአምስተኛው ቀን ተነስቶ ወደ ምስጋናው ግቢ ሄደ። መኪናዋ ሪባኗ እንኳ ሳይፈታ ጥግ ላይ ቆማለች። ሰላምታም ሳይጨርስ፣ ከበርሜሉ ውሃ በጆግ ቀድቶ መስታወቷ ሥር ባሉት ክፍተቶች ላይ ደፋ።

ውሃው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ በተቀደደው ወለል መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ምስጋናው ጎንበስ ብሎ አየው።

«ዳንግላ ሳለን ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

አየነው ጆጉን በሁለት እጁ ያዘው። «ሾፌር አልነበርኩም፣ ምስጋናው። አጣቢ ነበርኩ። እሱን ከምናገር ብዬ...» ጆጉን እያየ ቀጠለ። «እህትህን አዋረድኩልህ።»

ምስጋናው ከጎነበሰበት ቀና አለ እንጂ አልተሳደበም። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

«አጣቢ እንደነበሩማ አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«እናቴ ነግራኛለች። ወንድሟ ያኔ አዲስ አበባ ነበር፤ መኪናዋን ሲያጥቡ አይቶዎታል። የእናንተ ዕድሜ ሰው ሁሉ እኮ ያውቃል፣ ጋሼ። ሞተሩንማ ከባሕር ዳር መካኒክ አምጥቼ አስቀድሜ አሳይቼው ነበር። እርስዎን የወሰድኩዎት ለገላዋ ነው። አራት ዓመት ያጠባት ሰው ገመናዋን አይስተውም ብዬ። እንዳይከፋዎት ነው በግልጽ ያልነገርኩዎት።» ድምፁ ሰለለ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅሁዎት እኮ።»

አየነው ጆጉን በርሜሉ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የምስጋናው እናት ደጊቱ አጥሩ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እንደ ዘወትሯ፣ እንደ ሃምሳ ዓመቱ ሁሉ፣ «ሾፌሩ! ምነው ሳትቀመጥ?» አለችው። ያቺን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ማዕረግ ሲቀበላት ኖሯል። ለካ አገር ሁሉ ሲሸፍንለት የኖረ ገመናው ናት። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ አቀርቅሮ በአጥሩ ሥር ሄደ።