ጎማ ያለው ቤታችን

አጎቴ የቤታችንን በር በራሱ ቁልፍ የቆለፈው አባቴ ለአጨዳ ወደ አርሲ በሄደበት ወቅት ነው። እናቴ እኔንና ታናሽ እህቴን ይዛ ሮቤ ገበያ ውላ ስትመለስ ፍራሻችን፣ ሳጥናችንና ድስቶቻችን ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ተከምረው አገኘናቸው። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ፍራሹ ላይ ያርፍ ነበር።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነበር። አያቴ ከመሞታቸው በፊት ሁለቱ ልጆቻቸው መሬቱን እኩል እንዲካፈሉ ተናዝዘው ነበር፤ ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ግን የኮምባይነር ሰው ነው። ከሁለት የሞቱ ማሽኖች አንድ ሕያው ገጣጥሞ፣ ስንዴ በደረሰ ቁጥር ከሲናና ወደ አጋርፋ፣ ከአጋርፋ ወደ አርሲ ሲዞር ይከርማል። መሬቱን የምታሳርሰው እናቴ ነበረች። አጎቴ የአባቴን አለመኖር ጠብቆ የሚቀርቡትን ሽማግሌዎች ሰበሰበና «ወላሂ፣ አባቴ ሊሞት ሲል ጠርቶ የሰጠው ለእኔ ብቻ ነው» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹም እውነቱን እያወቁ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» አለችው።

ከግቢው ሳይወጣ፣ ጎረቤት እየሰማ መለሰላት። «መሬት ላይ የማይኖር ሰው መሬት አይወርስም። ባልሽ ኑሮው ማሽን ላይ ነው፤ እዚያው ሂጂለት።»

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ አጎቴን አንቱ ብላ ጠርታው አታውቅም።

ጎረቤታችን የነበሩ ጴንጤ ባልና ሚስት አንዱን ክፍላቸውን ለቀቁልን። አባቴ ሲመለስ እዚያ አገኘን። የሆነውን ሁሉ ነገርነው። እናቴ ዱላ እንዲያነሳ ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን «በወንድሜ ላይ እጄን አላነሳም፤ ቤት እከራያለሁ» አለ።

«አልከራይም» አለችው። «ማሽን ላይ ሂጂ አይደል ያለኝ? ማሽን ላይ እኖራለሁ። አጨዳ በመጣ ቁጥር በበሩ አልፋለሁ። እያየኝ ይኑር።»

አባቴ እልኋ ሲበርድ የምትተወው መስሎት ነበር። አልተወችም። ከኮምባይነሩ ኋላ ነዳጅና መለዋወጫ የሚጭን አሮጌ ትራክተር ከነተሳቢው ነበረው። ሮቤ በሚገኝ የብረት ሥራ ቤት ተሳቢው ላይ የብረት አጥንት አስበየደ፤ ጎኑን በጣውላ መታው፤ ከላይ አረንጓዴ ሸራ ወጠረበት። ከኋላ ትንሽ በር፣ ከበሩ ሥር መሰላል ተደረገ። ወላጆቻችን በአንዱ ጎን፣ እኔና እህቴ በሌላው ጎን፣ መሀል ላይ ሳጥኑ። ኮምባይነሩን አባቴ፣ ትራክተሩን የአባቴ ረዳት እየነዳ የተቆለፈብንን ቤት በግራ ትተን ወጣን።

ተንቀሳቃሽ ቤት ውስጥ መኖር ከባድ የሚሆነው ቤቱ ሲቆም ነው። ሲሄድ ሁሉም ነገር ታስሯል፤ ሲኒው ሜንጦ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጀሪካኑ ከእግራችን ሥር ታስሯል፤ ዶሮዎቹ ቅርጫታቸው ውስጥ ናቸው። ሲቆም ግን ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የየትኛው ሰው ውሻ እንደሚናከስ፣ ሜዳ ለመውጣት በየት እንደሚኬድ እንደገና መማር አለ። ጠዋት ስነቃ በሩን ስከፍተው የማን ማሳ ላይ እንደምወርድ አላውቅም ነበር። የሰፈሩ ልጆች መጥተው ከቤታችን ሥር ጎንበስ ብለው ጎማውን ይቆጥራሉ። ትምህርት ቤት ስቀያይር እኩዮቼ ጥለውኝ አለፉ። አጨዳ ሲያልቅ ከጎባ ወጥተን፣ የሳነቴን ሜዳ አቋርጠን፣ በሃረና ጫካ ወደ ደሎ መና እንወርዳለን፤ አባቴ እዚያ ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ይጠግናል። ሳነቴ ላይ ነፋሱ ሸራውን ሲመታው እርስ በርስ መደማመጥ አይቻልም፤ በጣውላው ክፍተት ሰው የሚያህሉት የጅብራ ተክሎች ጉም ውስጥ ቆመው ይታዩኛል። ሃረና ስንገባ እናቴ ብርድ ልብሱን ከላያችን ትገፋለች፤ ደሎ መና ስንደርስ ሸራውን ጠቅልለን በሙቀቱ እንተኛለን።

አንድ ነገር ግን አይቀርም ነበር። በአጎቴ በር ባለፍን ቁጥር እናቴ ትራክተሩ ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ቀስ እንዲል ታዘውና ክላክሱን በራሷ እጅ ትጫነዋለች። ረጅም አድርጋ። ውሻው እየጮኸ ይወጣል፤ ከኋላው አጎቴ ይወጣል። እሷ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። አባቴ ያፍር ነበር። እኔ በልጅነቴ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ጨዋታ መምሰሉ ያበቃው እህቴ የታመመች ጊዜ ነው። ጎባ ላይ ነበርን፤ ወደ ሳነቴ ልንወጣ ስንል ጆሮዋን ያዛትና ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ያያት ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ «ነፋስ እንዳያገኛት፤ ሙቅ ቤት ውስጥ ትተኛ» አለ። አባቴ የሚከራይ ክፍል ፈልጎ አጣ። የረዱን ጎረቤቶቻችን ያኔ ቀዬውን ለቀው ሄደዋል። በአካባቢው ዘመድ የምንለው አጎቴን ብቻ ነበር። እናቴ እልኋን ዋጠችው። እህቴን በነጠላ ጠቅልላ አዘለቻት፤ እኔ ተከተልኩ። በሩን አንኳኳች።

«ለልጅቷ ነው» አለች። «እኔ ደጅ አድራለሁ። እሷ እስኪሻላት አንድ ጥግ።»

አጎቴ በሩን ገርበብ አድርጎ እህቴን አያት። «ቤታችሁ ጎማ አለው» አለ። «ወደ ሞቀበት አገር ንዱት።» ዘጋው።

የቀረን ያ የሸራ ቤት ነበር። ጣውላው በጨርቅ ቢደፈንም ነፋሱ ይገባል። የእህቴ ጆሮ እዚያው ውስጥ ፈነዳ። ሲድን በግራዋ መስማት አቁማ ነበር። ዛሬም ሰው በግራዋ በኩል ሲያናግራት ፈገግ ብላ ዝም ትላለች፤ የማያውቃት የኮራች ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ክላክሱን የምጫነው እኔ ሆንኩ።

ዓመታት አለፉ። የአባቴ ወገብ ኮምባይነሩ ላይ መቀመጥ እምቢ ሲለው መሪውን እኔ ያዝኩ። መጀመሪያ ገበሬዎቹ «ሴት ልጅ ስንዴዬን ታበላሸዋለች» ይሉ ነበር፤ አጭጄ ስወጣ መሬት ላይ የፈሰሰ ፍሬ ፈልገው ሲያጡ ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ቀስ በቀስ ከሮቤ እስከ ጎባ ድረስ ስልኬ የማይጠራበት ቀን ጠፋ።

አንድ የታኅሣሥ አጨዳ ላይ ሰማዩ ያለ ወጉ ጠቆረ። አብዛኞቹ ኮምባይነሮች ወደ አርሲ ሄደው ነበር። የደረሰ ስንዴ በቆመበት ዝናብ ካገኘው ምን እንደሚሆን ባሌ ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። አጎቴ በባጃጅ እስከምናጭድበት ማሳ ዳር መጥቶ ወረደና በእግሩ ወደ ተሳቢያችን መጣ። ሸምግሏል። እናቴ መሰላሉን እንዲወጣ አልጋበዘችውም፤ በርጩማ አውጥታ ሜዳው ላይ አኖረችለት።

«አካም ቡልተኒ» ብሎ እንዴት እንዳደርን ጠየቀ።

«ደኅና» አለች እናቴ።

ወደ አባቴ ዞረ። «ወንድሜ፣ ደመናውን እያየኸው ነው። ስንዴዬ ደርቋል። ማሽን አጣሁ።»

አባቴ እሺ ሊለው እንደፈለገ ፊቱ ላይ አየሁ። ግን እናቴን አያትና «የምትነዳው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቃት» አለው፣ ወደ እኔ እያመለከተ።

«ኢንተሎ» አለኝ፣ ልጅት ማለቱ ነው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ። «የአያትሽ መሬት ነው። አይበላሽ።»

«እመጣለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። «ነገ ጠዋት ጆንያዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ።» ከልቤ ሳይሆን አንቱ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መረቀኝ። እየመረቀኝ ሄደ።

በማግስቱ ስደርስ ጆንያው ተከምሮ፣ ሠራተኞቹ ቆመው፣ እሱም በትሩን ይዞ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ከማሳው በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤት ማሳ ውስጥ ገባሁ። እስከ ድንበሩ ሣር ድረስ ተጠግቼ አጨድኩ፤ ማጨጃው የእሱን ስንዴ ሊነካው ምንም አልቀረው። ዳር ደርሼ ስዞር እጄን አነሳሁለት፤ እሱም አነሳልኝ። ቀኙ ሲያልቅ በመንገዱ ዞሬ ወደ ግራው ጎረቤት ገባሁ። እጄን አነሳሁለት። አሁን አላነሳም። ግራው ሲያልቅ ከኋላ ያለውን ጀመርኩ። በመሀል የእሱ ስንዴ ብቻውን፣ ዙሪያው ተላጭቶ፣ ወርቅ መስሎ ቆመ።

ወደ ቀትር ገደማ መጥቶ ከማሽኑ ፊት ቆመ። ሞተሩን ሳላጠፋ የጋቢናውን በር ከፈትኩ።

«የእኔስ መቼ ነው?» አለ።

«እህቴ በግራ ጆሮዋ የሰማች ቀን።»

ከፊቴ ዞር ብሎ አሳለፈኝ። ሦስተኛውን ማሳ ጨርሼ ወጣሁ።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀመረና ለቀናት አላቋርጥ አለ። ሲያባራ በዚያ በኩል ያለፍኩት ሆን ብዬ ነው። ስንዴው ጋሽቦ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ፍሬው ዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል፤ ቀጫጭን አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ ነበር። ወርጄ አንድ ዛላ ቆረጥኩና ለእናቴ ወሰድኩላት። ተቀብላ በመዳፏ ላይ ስታገላብጠው ቆየችና ሲኒዎቹ አጠገብ ሜንጦው ላይ ሰካችው።

አባቴ አልወደደውም። «ሰውን ተበቀዪ፤ እህል ምን አጠፋ?» አለኝና ለብዙ ቀን ምሳውን ለብቻው ይበላ ጀመር። ሮቤ ውስጥ አንዳንዶች ጨካኝ አሉኝ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመው «እህል ላይ ቂም አይወጡም፣ ልጄ» አሉኝ። ሰማኋቸው። ያ ስንዴ የበቀለው ግን በእኛ ድርሻ መሬት ላይ ነው፤ አልጸጸተኝም፤ አሁንም አይጸጽተኝም።

በሚቀጥለው አጨዳ ሽማግሌ የላከው ራሱ አጎቴ ነው። ሕሊናው ወቅሶት አይመስለኝም፤ በአካባቢው ያሉት የኮምባይነር ሰዎች ሁሉ የአባቴ ጓደኞች መሆናቸውን አስቦ ነው። ባህር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በፊት ለእሱ አንገታቸውን ከነቀነቁት አንዱ ተነሥተው «አባታቸው እኩል ተካፈሉ ማለታቸውን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ።

«ያን ጊዜስ ጆሮዎ የት ነበር?» አለቻቸው እናቴ። ሽማግሌው በበትራቸው መሬቱን መጫር ጀመሩ።

አጎቴ አመነ። ግማሹ መሬት፣ የተቆለፈብን ቤት ጭምር፣ ተመለሰልን። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ተነሥታችሁ ተሳሳሙ አሉ። አባቴ ተነሥቶ ወንድሙን አቀፈ። እናቴ ቁልፉን ተቀበለች፤ እጁን ግን አልጨበጠችም።

ሁሉም ዕቃችንን ወደ ቤቱ የምናስገባ መስሎት ነበር። እናቴ በሚቀጥለው ቀን መዶሻና ጉጠት ይዛ ሄደች። እኔ ጣራው ላይ ወጣሁ፤ እህቴ ከታች ትቀበለኛለች። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ነቀልነው። በሩንና መስኮቶቹን ከነመቃናቸው አወጣን። ሁሉንም ጭነን ቆርቆሮውን ተሳቢያችን ጣራ ላይ፣ የሸራው ቦታ ላይ፣ መታነው፤ በሩንና መስኮቶቹን ጎኑ ላይ ገጠምናቸው።

አጎቴ ከግቢው ቆሞ ያያል። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ። «ቤታችሁ አይደለም ወይ? ግቡበት እንጂ።»

«ቤት አለኝ» አለችው እናቴ፣ ቆርቆሮውን በገመድ እያሰረች።

ጣራ የሌለው የጭቃ ቤት ባሌ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ክረምቱ ግድግዳውን እያጠበ አወረደው፤ ጭድ የተቀላቀለው ጭቃ ተደርምሶ እንጨቱ እንደ ጎድን አጥንት ቀረ። የአጎቴ በር የሚከፈተው በቀጥታ ወደዚያ ፍርስራሽ ነው። እንዲያፈርሱት ሰው ልኮ ነበር፤ እናቴ «በእኔ መሬት ላይ ያለ የእኔ ፍርስራሽ ነው» ብላ መለሰችው። መሬቱን የሚያርሰው አንድ ጎረቤት ነው፤ ስንዴውን የማጭደው እኔ። እኛ አሁንም ተሳቢያችን ላይ ነን። እህቴ አግብታ ሮቤ ቤት ይዛለች፤ ተሳቢው ውስጥ የነበራት መኝታ ላይ መለዋወጫ እቃ ተኝቶበታል።

አባቴ ለዒድ ወንድሙን ሳይጠይቅ አይውልም። እናቴ የሚይዘው ነገር አትሰጠውም፤ አትከለክለውምም። በትራክተሩ የማደርሰው እኔ ነኝ። በሩ ላይ አወርደዋለሁ። አጎቴ ብቅ ብሎ «ኢንተሎ፣ ግቢ» ይለኛል፤ ራሴን ነቅንቄ ሰላም እለዋለሁ እንጂ አልወርድም። አባቴ ሻይውን ጠጥቶ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን አላጠፋም።