ይኸነውና የእድሩ ጥሩንባ

«ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። እኔ ቆሰበር ውስጥ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነኝና ከማንም በላይ እጠረጥራለሁ። ይኸነው የሚባል የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

ሥራው ድምፅ ነው። በልጅነቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ ተገረፈ። ባሕር ዳር ስቱዲዮ ውስጥ ስምንት ዓመት ዘፈን ሲቀዳና ሲያስተካክል ኖረ፤ እዚህ መጥቶ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ያከራይ ጀመር። ይሁን። ግን የውጭ አገር ኪቦርድ ቅኝታችንን አያወጣም ብሎ ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ የራሱን የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራል። ጣቱን ሲያሳርፍበት ሳጥኑ እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል። ክር የሌለው ማሲንቆ! እንዴት አይጠረጠርም?

ይባስ ብሎ የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ጋሽ አበረ በየሳምንቱ ወደ ሱቁ ይገቡ ጀመር። ሲገቡ በሩ ይዘጋል። ምን እንደሚሠሩ ብጠይቃቸው «ወግ ነው» ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ይሸፍናሉ።

ባለፈው የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የእድሩ ጥሩንባ ከይኸነው ሱቅ አምባረቀ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወንዶች ድንኳን ሊያወጡ ሮጡ። «ማን ሞተ?» ማንም። ጋሽ አበረም በቦታው አልነበሩም፤ የጮኸው ሳጥን ነው።

እሑድ እድሩን ሰበሰብሁ። «ሰው ሳይሞት መርዶ የለፈፈ ይባረር» አልሁ። ከእድር የወጣ ሰው ቀባሪ የለውም፤ የይኸነው እናት ደግሞ አልጋ ከያዙ ከርመዋል።

«የጥሩንባችንን ድምፅ ለምን ሰረቅህ? ለማን ልትሸጠው ነው?» አልሁት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ» አለና አቀረቀረ። እጅ አውጡ ልል ስል ጋሽ አበረ ተነሡ።

«ተው እንጂ! ጥፋቱ የኔ ነው።» ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ፤ የፊት ጥርሳቸው አንድም አልቀረም። «ከፋሲካ ወዲህ መንፋት አቅቶኛል። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ለመንሁት፤ ጥርሴ ሳያልቅ የቀዳውን የጥሩንባ ድምፄን በትንሽ ሳጥን አድርጎ ሰጠኝ። ጥሩንባውን ከአፌ አስጠግቼ፣ በጋቢዬ ውስጥ የሳጥኗን ቁልፍ እጫናለሁ። የጎረቤታችንን የምህረቴንም ሞት የነገረቻችሁ እሷ ናት። ልትጠገን ገብታ ነው ከሠርጉ ማጉያ ጋር ተያይዛ፣ ሳያስበው የጮኸችው።»

በምህረቴ ቀብር «ጉልበትዎ ተመለሰ» ብዬ ያመሰገንኋቸው እኔው ነኝ! ደሜ ፈላ። «እንግዲያ ይኸነው፣ አንተው ጥሩንባ ነፊ ሁንልን። ለመጫን ለመጫንማ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» አልሁ።

ይኸነው ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ድምፁ የእሳቸው ነው። እሳቸውን ካነሷቸው ሳጥኑን እሰብረዋለሁ፤ እኔንም አባሩኝ።»

ጋሽ አበረ ጋቢያቸውን መልሰው ወደ አፋቸው ሳቡ። ይኸነው አንድ ነገር ይደብቃል ስል ከርሜ ነበር፤ አልተሳሳትሁም፤ የደበቀው የሽማግሌ ገመና ነው። በአደባባይ ያስገለጥሁት እኔ። አፈርሁ። «ሁለቱም ባሉበት ይቆዩ» አልሁና የማንንም ፊት ሳላይ ወጣሁ።