ሌባ ያልኳቸው የሚሞሪ ነጋዴ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ሰው በሞላበት ሱቅ ውስጥ አንድ ጨዋ ሰው ሌባ አልኩ።

ጋሽ ታደሰ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣሉ። ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ስምንት ጊጋ ሚሞሪ ገዛሁ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስገጥመው ማሽኑ አራት ብቻ አሳየኝ።

ተመልሼ "እርስዎ ሌባ ነዎት" አልኳቸው። (አንቱ ብዬ ነው የሰደብኳቸው፤ አስተዳደጌ እስከዚያ ድረስ ይሠራል።)

እሳቸው ሌላ ቀየሩልኝ።

እሱንም ብገጥመው አራት። ያኔ ደነገጥኩ። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሲነሳ የሚያነበውን ቅንብር ከፈትኩ። ከአራት ጊጋ በላይ እንዳይጠቀም የሚያዝ መስመር አለበት። ባለፈው ሚሞሪ እንዴት እንደሚገደብ ለተማሪዎቼ ለማሳየት የጻፍኩት እኔው ነኝ። መስመሩን አጥፍቼ ማሽኑን ባስነሳው ስምንቱም ታየ።

ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። "ጋሽ ታደሰ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔስ ይቅር ብያለሁ" አሉ። "ግን ዕቃውን ከአዲስ አበባ የሚልክልኝን ልጅ፣ አንተን አምኜ ደውዬ ሰደብኩት።" ደውለው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። "አንተው ንገረው።"

ሱቅ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ የማላውቀውን ሰው ይቅርታ ለመንኩ። ልጁ "እሺ" ብቻ ብሎ ዘጋው።

ፊቴ አሁንም እየጋለ ነው የምጽፈው። እናንተስ ሳታጣሩ የሰው ስም አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? ስትመለሱ ምን አላችሁ?