ቅቤ የሌለበት ፍቼ

ዛሬ ጠዋት ወጣቶች እየጨፈሩ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሲያልፉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። «አይዴ ጨምበላላ!» ብለው እንኳን አደረሰዎ አሉኝ፤ እኔም መለስኩላቸው። ካለፉ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዓል የሚከብደኝ ይህን ጊዜ ነው።

ኮሌጅ ልማር ከደሴ ወደ ሐዋሳ የመጣሁ ሰሞን ሰው የሚባል አላውቅም ነበር። ዶርም ውስጥ ሁሉም ካገሩ ልጅ ጋር ሲጫወት እኔ ግድግዳ አያለሁ። በሁዳዴ አጋማሽ ሆድ ባሰኝና፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ ብዬ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ መንገዱ አፈር አፈር ይሸታል። ቀኑ ፍቼ፣ የሲዳማ አዲስ ዓመት መሆኑን እንኳ አላወቅኩም።

አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ጋሽ ላሚሶ እንደሚባሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ና ግባ፣ ልጄ። ልጆቼ አልመጡም፣ ብቻዬን ነኝ» አሉና እጄን ያዙኝ።

የፍቼ ገበታ ተሰብስበው የሚቀርቡት እንጂ ለብቻ የሚበላ አይደለም። ከእንሰት የተሠራው ቡርሳሜ በሸክላ ሳህን ቀርቧል፤ ከላዩ ቅቤ ተንጣሎበታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኳቸው።

ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ቡርሳሜውን ከድነው ወደ ጓዳ መለሱትና ደረቅ ቆጮ ከተቀቀለ ጎመን ጋር ይዘው መጡ፣ ለሁለታችንም።

«እርስዎ ይብሉ እንጂ፣ በበዓልዎ!»

«ቅቤውን ብቻዬን በልቼ ምን ይረባኛል? ካንተ ጋር ይሄ ይሻለኛል።»

በሲዳምኛ ጸለዩ፤ አንድም ቃል ሳይገባኝ አሜን አልኩ። እየበላን ስለ እናቴና ስለ ደሴ ብርድ ጠየቁኝ። ስንት ሳምንት በሆዴ ይዤ የዞርኩትን ዘረገፍኩላቸው። አውቶቡሱ አመለጠኝ፤ ሌላም አልፈለግኩም። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ዶርም ተመለስኩ፤ ይኸው እዚሁ አረጀሁ።

ዛሬ ምሳዬን ካቀረብኩ በኋላ ከነክዳኑ ትቼው ወጣሁና በሬ ላይ ቆምኩ። አንዲት ተማሪ መጽሐፏን ታቅፋ ስታልፍ አየችኝና ቆም አለች።

«አባባ፣ የፈለጉት ነገር አለ?»

ነይ አብረን እንብላ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩ። «የለም ልጄ፣ ሂጂ» ብዬ ሸኘኋት።

ስለ ጋሽ ላሚሶ ባሰብኩ ቁጥር የማነሳው ለእኔ ሲሉ የተዉትን ቅቤ ነበር። የማያውቁትን ሰው «ብቻዬን ነኝ፣ ና» ብሎ መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ግን ዛሬ ነው።